«ተበላሽቷል» ከማለት በፊት

ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ምን ልጻፍ ብዬ ሳስብ ብዙ ታላላቅ አርእስት መጥተውብኝ ነበር። ይሁን እንጂ እኔ የመረጥሁት በየመሥሪያ ቤቱ ጥግ የተቀመጠውን፣ ሲሠራ ማንም የማያመሰግነውን፣ ሲቆም ግን ሁሉም የሚያማርረውን ፕሪንተር ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የሰው ጊዜና ገንዘብ የሚጠፋበት ስለ ሆነ፣ አንባቢ እንዳይንቅብኝ እለምናለሁ።

ምክንያቴን ላስረዳ። ባለፈው ጥር አጎቴ ከአንኮበር ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ ተነሥተው አንድ የማረጋገጫ ወረቀት ለማውጣት ወደ ደብረ ብርሃን መጡ። ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እርሳቸው ግን መኪና እስኪያገኙ ድረስ ሌሊት ተነሥተው በእግር መጓዝ ነበረባቸው። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ሲደርሱ ጸሐፊዋ በትሕትና ተቀብላ ጽሑፉን በኮምፒዩተር አዘጋጀች። ቀጥላም፣ «አባቴ፣ ፕሪንተሩ ተበላሽቷል፤ ነገ ይመለሱ» አለቻቸው። በማግሥቱም መልሱ ያው ሆነ። ወራቱ የውቂያ ወራት ስለ ነበረ፣ አጎቴ በእኛ ቤት ሲያድሩ እህላቸው አውድማ ላይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አብሬያቸው ሄድሁ። በዚያን ጊዜ አንዲት ወጣት የኮምፒዩተር ባለሙያ ተጠርታ መጣች። በእጅዋ ምንም መሣሪያ አልያዘችም፤ የያዘችው ጥያቄ ብቻ ነበር። «ከመቼ ወዲህ ነው የቆመው?» አለች። «መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ» ተባለች። «ከአንድ ኮምፒዩተር ነው ወይስ ከሁሉም?» አለች። «ከሁሉም» ተባለች። ከዚያም የፕሪንተሩን ቁልፎች ነካ ነካ ብታደርግ፣ ተበላሽቷል የተባለው ፕሪንተር ስለ ራሱ የሚናገር አንድ ገጽ አትሞ አወጣ! እርስዋም በገጹ ላይ ያለውን ቁጥር በኮምፒዩተሩ ውስጥ ከተመዘገበው ቁጥር ጋር አስተያየች፤ ሁለቱ አልተስማሙም። ቁጥሩን አስተካክላ በወረፋ የተጠራቀመውን የቆየ ትእዛዝ ሰረዘችና የአጎቴ ወረቀት ወጣ። ሥራው ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

እኔም ነገሩ ስለ ገረመኝ ምክንያቱን ጠይቄ ተረዳሁ። በኔትዎርክ የሚሠራ ፕሪንተር ለአንድ ኮምፒዩተር ብቻ የታሰረ አይደለም፤ በቢሮው ውስጥ ያሉት ሁሉ ይልኩበታል። ስለዚህ እንደ ቤት ቁጥር ያለ አይፒ የሚባል አድራሻ አለው። ብዙ ጊዜ ይህን ቁጥር የሚያድለው ራውተሩ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራውተሩ አድራሻውን እንደ ገና ሊያድልና ፕሪንተሩ ሌላ ቁጥር ሊደርሰው ይችላል። ኮምፒዩተሮቹ ግን ይህን ሳያውቁ ወደ ቀድሞው ቁጥር መላካቸውን ይቀጥላሉ።

ይህን ለመረዳት የገዛ አገራችን ታሪክ ይበቃናል። ዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቆረቆረችው ወደ አዲስ አበባ አዛወሩ። ይህን ያልሰማ አንድ መልእክተኛ ደብዳቤ ይዞ አንኮበር ቢወጣ ኖሮ ምን ይገጥመው ነበር? ደብዳቤው ደኅና ነው፤ መልእክተኛው ደኅና ነው፤ ንጉሡም ደኅና ናቸው። የጠፋው አድራሻው ብቻ ነው። «ንጉሡ የሉም» ብሎ ቢመለስ ግን ትልቅ ስሕተት በሆነ ነበር። የእኛም መሥሪያ ቤቶች «ተበላሽቷል» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እንደዚህ ነው።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። የፕሪንተርንም ነገር ከሥሩ ለመያዝ ከቅርቡ ጀምሮ ወደ ሩቁ መጠየቅ ይገባል። መጀመሪያ፣ መብራት አለው ወይ? ወረቀትና ቀለም አለው ወይ? የተሰነቀረ ወረቀትስ የለም ወይ? ሁለተኛ፣ ስለ ራሱ አንድ ገጽ ማተም ይችላል ወይ? ከቻለ የማተሚያው ክፍል ደኅና ነው፤ ችግሩ ያለው ወደ እርሱ በሚወስደው መንገድ ነው። ሦስተኛ፣ እንቢ ያለው ለአንድ ኮምፒዩተር ነው ወይስ ለሁሉም? ለአንዱ ብቻ ከሆነ ጉድለቱን በዚያው ኮምፒዩተር ላይ እንፈልግ፤ ለሁሉም ከሆነ ፕሪንተሩን፣ ኬብሉን ወይም ራውተሩን እንመርምር። አራተኛ፣ ቁጥሩ ተለውጧል ወይ? በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ፕሪንተሩ ከራውተሩ ቁጥር አጥቶ ለራሱ የሰጠው ነውና ኬብሉን ማየት ያስፈልጋል። ቁጥሩ እንዳይለዋወጥ ደግሞ፣ ራውተሩ ለፕሪንተሩ ዘወትር አንድ ቁጥር ብቻ እንዲሰጥ አድርጎ ማዘጋጀት ይቻላል።

በእኛ ቋንቋ የሚመጣም አንድ ችግር አለ። የአማርኛው ጽሑፍ በላቲን ፊደልና በልዩ ልዩ ምልክት ተለውጦ ሲወጣ ፕሪንተሩን የሚረግም ሰው አይቻለሁ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ከመግባቱ በፊት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱን ዘዴ ይከተል ነበር። እንዲህ የተጻፈ የቆየ ሰነድ ያ ፊደል ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ይበላሻል። እዚህም ላይ ፕሪንተሩ ጥፋት የለበትም፤ የተሰጠውን ነው ያተመው።

ሌላውን ስነቅፍ ራሴን ልደብቅ አይገባኝም። አምና በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል የቤት ሥራዬን ለማተም አዝዤ ወረቀቱ ቢዘገይ፣ ተናድጄ ያንኑ ትእዛዝ ሰባት ጊዜ ደገምሁት። ችግሩ ወረቀት ማለቁ ብቻ ነበር። ወረቀት ሲጨመር የእኔው ሥራ ሰባት ጊዜ ታተመ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ጓደኞቼም ደወል ተደውሎባቸው ተመለሱ። ትዕግሥት ማጣት ትንሹን ችግር ትልቅ እንደሚያደርግ ያን ቀን ተማርሁ።

አንዳንድ ሰዎች፣ «ጸሐፊዋ ባለሙያ አይደለችም፤ ነክታ ብታበላሽ ንብረቱን ክፈይ ትባላለች» ብለው ይቃወሙኝ ይሆናል። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ እኔም አልንቀውም። የፕሪንተሩ ውስጥ እጅ የሚያቃጥል ክፍል ስላለው ማንም ይፍታው አልልም። ነገር ግን መብራቱን ማየት፣ ወረቀት መጨመር፣ ቁጥር ከቁጥር ጋር ማስተያየት ምንም አያበላሽም። ለባለሙያውም «አልሠራም አለ» ከማለት «ለራሱ ያትማል፤ ከኮምፒዩተር ግን አይቀበልም» ብሎ መንገር ግማሹን ሥራ ያቀልለታል። ጥፋቱን በጸሐፊዋ ላይ ብቻ መጣልም ፍርድ ማጓደል ነው፤ ይህን ያላስተማሯትና ደፍራ እንድትመረምር ያልፈቀዱላት አለቆችም አሉና።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የፕሪንተሩን ቁጥርና ከላይ የዘረዘርኋቸውን አራት ጥያቄዎች በአማርኛ ጽፎ በፕሪንተሩ ላይ ይለጥፍ። አለቆችም ሠራተኞቻቸው ይህን ያህል እንዲመረምሩ ይፍቀዱላቸው። እኛ ተማሪዎችም በኮምፒዩተር ትምህርት ሰዓት ስም ከመሸምደድ አልፈን የቆመ ነገር ለምን እንደ ቆመ መፈለግን እንልመድ። ነገ በእነዚያ ጠረጴዛዎች የምንቀመጠው እኛው ነንና።

አጎቴ ወረቀታቸውን ይዘው ሲወጡ ማንንም አልወቀሱም፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው መርቀው ሄዱ። እኔን ግን የከነከነኝ ይህ ምርቃት ነው። ሁለት ቀን የተወሰደበት ሰው ለሩብ ሰዓት ሥራ ሲያመሰግን መስማት ያሳፍራል። ጓደኞቼ ሆይ፣ ነገ አንድ ሽማግሌ በጠረጴዛችን ፊት ሲቆሙ «ተበላሽቷል» የሚለው ቃል ከአፋችን ከመውጣቱ በፊት፣ አራቱን ጥያቄዎች እንጠይቅ።