ሰባት ቤትና አንድ ስም

በካምፓላ ከተማ የኅዳር ዝናብ ሲበረታ በየሰገነቱ ላይ ብርቱ መብራት ይተከላል፤ ከመብራቱም ሥር ቆርቆሮ ተደግፎ በርሜል ይቀመጣል፤ የአገሩ ሰው «ንሴኔኔ» የሚለው ፌንጣ በብርሃኑ ታውሮ፣ በቆርቆሮው ተንሸራቶ፣ በርሜሉን ይሞላል። በማግሥቱ ክንፉና እግሩ ተነቅሎ፣ ተጠብሶ በየመንገዱ ሲሸጥ ሌላው ሁሉ እየገዛ ሲበላ፣ አንድ ወገን ግን እጁን ሰብስቦ ያልፋል፤ ጾም ይዞት ወይም ተጸይፎት አይደለም፤ ጎሣው በዚያው በፌንጣ ስም ስለሚጠራ ነው እንጂ። ይህ ሰው የማይበላውን የሚያውቀውን ያህል የማያገባትንም ያውቃል፤ በፌንጣ ስም የምትጠራ ሴት አይቷት የማያውቃት፣ በሌላ አውራጃ ተወልዳ ያደገች ብትሆን እንኳ፣ እኅቱ ናት።

ካምፓላ የምትገኝበት የቡጋንዳ ንጉሣዊ ግዛት ሸንጎ ካለበት ከቡላንጌ ተነሥቶ ወደ መንጎ ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ጎዳና በእግሩ የሄደ ሰው የዚህንና የሌሎቹን ጎሣዎች ምልክት ተቀርጾ ቆሞ ያገኘዋል። ጎሣዎቹ ከ50 ይበልጣሉ፤ አንዱ የአንበሳ፣ አንዱ የጦጣ፣ ሌላው የዓሣ፣ ሌላው የፌንጣ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ አለቃ፣ የአባቶቹ መቃብር ያለበት ምድር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለልጆቹ ብቻ የሚያወርሰው የስም መዝገብ አለው። ስለዚህ ስሙን የነገረ ሰው ዘሩንም ነግሯል። ንጉሡ እንኳ፣ «ካባካ» የሚሉት፣ በጥንቱ ሥርዓት የሚቆጠረው ከእናቱ ጎሣ ስለሆነ፣ ዙፋኑ የአንድ ወገን ርስት ሆኖ ሳይቀር እያንዳንዱ ጎሣ ልጁን ድሮ የንጉሥ እናት ወገን ለመሆን ተስፋ ያደርግ ነበር፤ በእኔ አስተያየት ከዚህ የረቀቀ የአስተዳደር ጥበብ በብዙ መጻሕፍት ተፈልጎም አይገኝም።

እኛ አማሮች ይህን ሁሉ ያለ ጎሣ ለመፈጸም የሞከርን ሕዝብ ነን። አባቶቻችን በአባትም በእናትም በኩል እስከ ሰባት ቤት እየቆጠሩ ጋብቻን ከለከሉ፤ በዚያም ላይ የክርስትና ልጅነትን እንደ ሥጋ ዝምድና አክብረው ጨመሩበት። የእነርሱም የእኛም ሕግ ዓላማ አንድ ነው፤ ሰው በገዛ ቤቱ ተዘግቶ እንዳይቀር፣ ባዕዱን አምቻ አድርጎ ዘመዱን እንዲያበዛ። ልዩነታቸው መታሰቢያውን ባኖሩበት ሥፍራ ነው። የቡጋንዳ ሰዎች፣ ጋንዳዎቹ፣ በስም አኖሩት፤ እኛ በሽማግሌ አእምሮ። ወላጆችን ሁሉ በሁለቱም ወገን ይዞ ሰባት ትውልድ ወደ ላይ የወጣ ሰው 128 ሰዎች ይጠብቁታል፤ ይህንንም በአንድ ስም ጠቅልሎ መያዝ የሚችል የለም። የምዕራቡም ቤተ ክርስቲያን እንደኛ እስከ ሰባት ትከለክል የነበረውን፣ እ.ኤ.አ. በ1215 በላተራን ጉባኤ፣ ያለ ብዙ ጉዳት ሊጠበቅ አልቻለም ብላ ወደ አራት አውርዳዋለች።

ታዲያ የእኛው ቆጠራ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ጸና? የሃይማኖት ፍርሃት ብቻ አላጸናውም፤ ርስት አጽንቶታል። በጎጃምና በጎንደር መሬት የሚጠይቅ ሰው፣ ወደ አቅኚው አባት የሚያደርሰውን ሐረገ ትውልድ በወንድም በሴትም በኩል መዝዞ በዳኛና በሽማግሌ ፊት ማቆም ነበረበትና፣ ዘር ቆጣሪው ሽማግሌ ለችሎቱም ለጋብቻውም አንድ ምስክር ሆኖ ኖረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ፣ ጭሰኛውን ነጻ ያወጣው ያው አዋጅ ዘር ቆጣሪውን ከሥራው አሰናበተው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግማ በጎን ዝምድና ከእኅትና ከወንድም፣ ከአክስትና ከአጎት አልፎ አይከለክልም። በቡጋንዳ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1900 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል መሬቱ ለሹማምንት በግል ሲከፋፈል ብዙው የጎሣ ምድር ከባለቤቱ እጅ ወጣ፤ ጎሣዎቹም ብዙ ዘመን አቤቱታ አሰሙ፤ ስሙ ግን መሬቱን ተከትሎ አልሄደም። መታሰቢያው በአፈሩ ላይ ስላልተንጠለጠለ ከአፈሩ ጋር አልተወሰደም።

ይህን ስል የእነርሱ ሥርዓት ያለ ነውር ነው ማለቴ አይደለም። ስሙ የሚወርደው በአባት ብቻ ነው፤ የእናት ጎሣ ለልጅዋ ጋብቻ ቢከለከልም ለልጅ ልጅዋ በስም አይተላለፍም። በሽምግልናው ቀን የሙሽራዪቱ አክስት፣ «ሴንጋ» የምትባለው የአባት እኅት፣ ሙሽራውን ከእንግዶቹ መካከል ፈልጋ ስታወጣው ማየት ደስ ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው ጥሎሽ ግን ሴቲቱን ሊያስር ይችላል፤ ለዚህም ነው የዑጋንዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015፣ ትዳሩ ሲፈርስ ጥሎሹ ይመለስልኝ ማለት ሕገ መንግሥቱን ይፃረራል ብሎ የፈረደው። እናትን ከአባት እኩል የሚቆጥረው የእኛ ሰባት ቤት በዚህ ረገድ ይበልጣል፤ የሚያሳዝነው፣ ያው ርኅራኄው አክብዶት ከመንደር ሊወጣ አለመቻሉ ነው።

በካንሳንጋና በካባላጋላ ብዙ አበሾች ይኖራሉ። በዚያ ሠፈር የአንድ አገር ልጆች የሆኑ ወንድና ሴት ተዋውቀው ለጋብቻ ሲተሳሰቡ፣ መጠየቅ ያለበትን የሚያውቅ ሰው በአጠገባቸው ስለሌለ ወደ አገር ቤት ስልክ ይደውላሉ፤ እናት አክስትን፣ አክስትም በዕድሜ የገፉ አንድ ዘመድ ትጠይቃለች፤ መልሱ ሳምንት ይቆያል፤ ሲመጣም «እኔ የማውቀው እስከ አራት ቤት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ» የሚል ይሆናል። በአጥር ማዶ ያለው ጋንዳ ጎረቤታቸው ግን ልጅቱን ስሟን ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ ወይ ቀርቧል ወይ ርቋል።