የአንድ ገበታ ሒሳብ

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ፣ በሚመጣው ወር አንድ ቅዳሜ ተሰባስበን ወደ ታይ ታውን ሄደን የታይላንድን ምግብ እንድንቀምስ የቀረበው ሐሳብ በብዙ ድምፅ አልፏል። ደስ ያላለው ሰው አላየሁም። ነገር ግን «ሒሳቡስ እንዴት ይሁን?» የሚለው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «እያንዳንዱ የራሱን ያዝዝ፣ የራሱን ይክፈል» አለ። ግማሹ ደግሞ «በመጨረሻ የመጣውን በእኩል እንካፈለው» አለ። ሰዓቱ ስለ ደረሰ ነገሩ ሳይቆረጥ ተበተንን። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ሐሳቦች ስሕተት ናቸው እላለሁ። ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም፣ ማኅበራችን የማን ማኅበር እንደ ሆነ የሚፈርደው እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው።

ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። ባለፈው ዓመት አሥራ አንድ ሆነን ከአንድ ምግብ ቤት ገብተን ነበር። የቤቱ ስም ለዚህ ነገር አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የቤቱ አልነበረምና። ከመካከላችን በዚያው ዓመት ከአገር ቤት የመጣ አንድ ወንድማችን «እኔ በልቼ ነው የመጣሁት» ብሎ ውሃ ብቻ ሲጠጣ አመሸ። እኛም አንድ ሁለት ጊዜ «እንዴት ሳትቀምስ?» ብለን ከለመንነው በኋላ ተውነው። የቀረነው ያሻንን አዘዝን፤ መጠጥም ደጋገምን። ሒሳቡ ሲመጣ «ምን ያጨቃጭቀናል፣ ለአሥራ አንድ እንካፈለው» ብዬ የተናገርሁት እኔ ነበርሁ። ወንድማችን አንዲት ቃል ሳይናገር 34 ዶላር ቆጥሮ ከጠረጴዛው ላይ አኖረ። በኋላ እንደ ሰማሁት፣ በዚያን ቀን ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር። የከፈለውም የሳምንት ቀለቡን ነው። ከዚያ ወዲህ በስብሰባችን ላይ አላየሁትም፤ ስደውልለት «ፈተና በዛብኝ» ይለኛል። ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ አልደፈርሁም፤ ይቅርታ ስጠይቀው ችግሩን እንዳወቅሁበት መንገሬ ነውና።

«እንግዲያው እያንዳንዱ የራሱን ቢከፍል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣም ነበር» የሚሉኝ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ያ ወንድማችን 34 ዶላሩ በኪሱ በቀረለት ነበር። ውሃውን ሲጠጣ ማምሸቱ ግን አይቀርም ነበር። የራስን መክፈል ኪስን ያድን ይሆናል እንጂ ኀፍረትን አያድንም። እንዲያውም ማን ምን እንዳዘዘና ማን ከዋጋው ዓምድ ላይ ዓይኑን እንዳልነቀለ በገበታው ዙሪያ ላለ ሰው ሁሉ የሚገልጥ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከመነሻው አይመጣም። እኛም «ጥሪ ተደርጎለት ሳይመጣ ቀረ» ብለን በመዝገብ እንጽፋለን።

ከዚህም በላይ፣ የምንሄድበት ምግብ ራሱ ይህን አሠራር አይቀበለውም። በታይላንድ ብዙ ሰው አብሮ ሲበላ ሩዙ ለእያንዳንዱ በሳሕኑ ይቀርባል፤ ወጡ፣ ጥብሱ፣ ሾርባውና ሰላጣው ግን ከመካከል ተቀምጦ ሁሉም ጥቂት ጥቂት እየጨለፈ ከሩዙ ጋር ይበላዋል። ገበታው ሙሉ ነው የሚባለው ኮምጣጣው፣ ጨዋማው፣ ጣፋጩና የሚያቃጥለው ባንድነት ሲገኙበት ነው። አንዱ ኮምጣጣውን ብቻ፣ ሌላው ጣፋጩን ብቻ ከፊቱ አስቀምጦ ቢበላ የታይላንድን ገበታ በላ አይባልም፤ በየመሶቡ አንድ ዓይነት ወጥ ብቻ ለይተን ብንቀርብ የእኛም ገበታ ገበታ እንደማይባል ሁሉ።

ኢሳን በሚባለው በሰሜን ምሥራቁ ክፍል ደግሞ ነገሩ ወደ እኛ ይበልጥ ይቀርባል። እዚያ የሚያጣብቅ ሩዝ በእጅ እየተድበለበለ ከማጥቀሻው ውስጥ እየተነከረ ይበላል። ላፕ የሚሉት የተከተፈ ሥጋ አንዳንድ ጊዜ በጥሬው ይቀርባል፤ ክትፎ እየበላ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ሶም ታም የተባለው የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ በሙቀጫ እየተወቀጠ ይዘጋጃል። በሶብላችን የቅርብ ዘመድ የሆነ ቅጠል በጥብሳቸው ውስጥ ይገባል። በርበሬውም ቢሆን፣ እነርሱም እኛም የራሳችን አድርገን ብንመካበት፣ የበርበሬ ተክል መጀመሪያ የበቀለው በዚህ በአሜሪካ ምድር ነው። እንግዲህ ቃጠሎውን እኛ ብቻ እንደምንችለው አድርገን አስተናጋጁን ማስቸገር የለብንም።

እያንዳንዱ የራሱን ሲያዝ የሚሆነውን ደግሞ ሁላችን እናውቃለን። ኪሱ የሳሳ ሰው አንዲት ሳሕን ብቻ ስለሚያዝ ገንዘቡ በከንቱ እንዳይጠፋበት ይፈራል፤ የማያውቀውን አይደፍርም። ስለዚህ ስሙን የሚያውቀውን ፓድ ታይን ያዝዛል። ፓድ ታይ መልካም ምግብ ነው። በማርሻል ፒቡን መንግሥት ዘመን፣ በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፣ የአገር ፍቅር ማጠንከሪያ ሆኖ በመንግሥት ቅስቀሳ የተስፋፋ ነው። ነገር ግን ሃያ አራት ሰው ሃያ አራት ፓድ ታይ በልቶ ቢመለስ፣ የታይላንድን ምግብ ቀመስን ብለን ለማን እናወራለን?

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ሃያ አራት ሰው ባንድ ጊዜ ወደ አንዲት ትንሽ ቤት ገብቶ አያጨናንቅ። በስድስት በስድስት ሰው ተከፍለን ወደ አራት ቤቶች እንሂድ። ማን ከማን ጋር እንደሚሆን እንደ ዕቁብ በዕጣ ይለይ፤ አለዚያ የአራተኛ ዓመት ከአራተኛ ዓመት ጋር፣ መኪና ያለው መኪና ካለው ጋር መሰብሰቡ አይቀርም። ከምሳ በኋላ አራቱም ክፍሎች ባንድ ስፍራ ተገናኝተው፣ የሚያጣብቅ ሩዝ በማንጎ እየቀመሱ እያንዳንዱ ክፍል ያየውን ይንገር። በአንድ ቀን አራት ቤት ቀመስን ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ትእዛዙ የክፍሉ እንጂ የግለሰብ አይሁን። ለስድስት ሰው አምስት ዓይነት ምግብና ሩዝ ይበቃል። ለምሳሌ አንዱ ምግብ 16 ዶላር ቢሆን አምስቱ 80 ዶላር ነው፤ ሩዙ 15 ቢጨመር 95። ግብርና ጉርሻ ሲታከልበት 120 ያህል ይደርሳል፤ ለአንድ ሰው 20 ዶላር መሆኑ ነው። መጠጥ የሚፈልግ መጠጡን ለብቻው ይክፈል። ዋጋው ከመሄዳችን በፊት ይታወቃል ማለት ነው፤ ከጠረጴዛ ላይ ድንገት የሚወድቅብን ሒሳብ አይኖርም።

ሦስተኛ፣ ዋናውም ይህ ነው፣ ገንዘቡ አስቀድሞ በፖስታ ይሰብሰብ። ለሁላችን አንድ ዓይነት ፖስታ ይታደል፤ ስም አይጻፍበት። ያለው 30 ያግባ፤ የቸገረው 5 ያግባ፤ ምንም የሌለው ባዶውን አሽጎ ይጣል። ገንዘብ ያዡ ድምሩን እንጂ ማን ስንት እንደ ሰጠ አያውቅም። ከጎደለ ከማኅበሩ ሣጥን ይሞላል፤ ከሣጥኑ ካልበቃ ከአምስቱ ምግብ አንዱን እንቀንሳለን። አንድ ምግብ ቢጎድልብን እንታገሠዋለን፤ አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት ሲጎድልብን ግን ልብ እንኳ አንለውም፤ ባለፈው ዓመት እንዳላልነው።

«ያለው ሰው አልቅሶ ባዶ ፖስታ ቢያገባስ?» ትሉኝ ይሆናል። ሊያገባ ይችላል። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚሉን ወላጆቻችን ዕድርን ያቆሙት በመካከላቸው ቋጣሪ ጠፍቶ አይደለም። አንድ አታላይ 20 ዶላር ቢያተርፍ ማኅበሩ አይፈርስም። አንድ ችግረኛ አፍሮ ቢቀር ግን የፈረሰ ነገር አለ።

ስለ ጾምና ስለ ሃይማኖትም አስቀድመን እናስብበት። ብዙው የታይላንድ ምግብ፣ አትክልት ብቻ የሚመስለው እንኳ፣ ናም ፕላ በሚባል የዓሣ መረቅ ይጣፈጣል፤ የወጡ ማባያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከደቀቀ ሽሪምፕ የተሠራ ካፒ አለበት። ስለዚህ የሚጾም ሰው «ሥጋ የለበትም» ሲሉት አምኖ ከመብላቱ በፊት ይጠይቅ። እነርሱም «ጄ» የሚሉት የጾም ምግብ አላቸው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት አይገባበትም፤ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይነካውም። ይህን አንድ ቃል አጥንቶ መሄድ ይበቃል። የአሳማ ሥጋ የማይበሉ ስላሉን፣ በማንኛውም ክፍል ከመካከል ከሚቀመጠው ውስጥ የአሳማ ሥጋ አይኑር። ሥጋው የሚታረድበትን ሥርዓት ለሚጠብቁ እስላም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ ቤቱ አስቀድሞ ይጠየቅ። በየክፍሉ ቢያንስ ሁለቱ ምግቦች ሁሉም የሚበላቸው ይሁኑ።

መጓጓዣውም እንደዚሁ ነው። ሁላችንም በምድር ባቡር እንሂድ፤ የቢ መሥመር ሆሊውድ ዌስተርን ከተባለው ጣቢያ ያወርደናል። መኪና ያለው መኪናውን እቤቱ ይተወው፤ ያን ጊዜ የሚለምንም የሚለመንም አይኖርም።

አሁን ደግሞ ከወዲያ በኩል ያሉትን ጓደኞቼን ልመልስ። አንዳንዶች «ፌርፋክስ ላይ የራሳችን ምግብ ቤቶች ሞልተው ሳለ ገንዘባችንን ለሌላ ለምን እንሰጣለን?» ይላሉ። ሌሎችም «ማኅበር የቆመው ለቁም ነገር እንጂ ለመብል አይደለም» ይላሉ። ለፊተኞቹ የምለው፣ የክፍል ጓደኞቻችን እንጀራችንን በእጃቸው ቆርሰው ሲበሉ ደስ የሚለን ከሆነ፣ እኛም ሄደን የሰውን ገበታ እንደ ጨዋ እንግዳ መቅመስ ይገባናል ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ ሆሊውድ ቡለቫርድ ላይ በዌስተርንና በኖርማንዲ መካከል ያለውን ሰፈር ታይ ታውን ብሎ የሰየመው በ1999 ነው፤ ፌርፋክስ ላይ ያለችውን ትንሿን ኢትዮጵያ የሰየመው በ2002 ነው። በሦስት ዓመት የሚቀድሙን ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ሆኖም አብዛኞቻችን ደጃቸውን ረግጠን አናውቅም።

ለኋለኞቹ ደግሞ ቁም ነገሩ ከመብሉ አይርቅም እላቸዋለሁ። በነሐሴ 1995 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፣ ከሎስ አንጀለስ ወጣ ብላ በምትገኘው በኤል ሞንቴ ከተማ፣ በእሾህ ሽቦ በታጠረ ግቢ ውስጥ እንደ ባሪያ ተይዘው ልብስ ሲሰፉ የነበሩ 72 የታይላንድ ሰዎች ነጻ ወጡ። በቤይሩትና በሪያድ በሰው ቤት በር ተዘግቶባቸው የኖሩ እኅቶች ያሉን እኛ ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ወጡን ካቀረበልን ሰው ጋር ሁለት ቃል ብንነጋገር፣ የሠራበትን ጉርሻ ሳንቆጥብ ብንሰጥ፣ ይህም የማኅበር ሥራ ነው።

ለብቻው የሚበላ ለብቻው ይሞታል ይባላል። ባለፈው ዓመት እኛ አሥር ሆነን ለብቻችን በላን፤ አሥራ አንደኛው አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። በሚመጣው ስብሰባ ሒሳቡ ለድምፅ ሲቀርብ ይህን እንድታስታውሱ እለምናችኋለሁ። ሐሳቤ ከተቀበላችሁት ፖስታዎቹን እኔ እገዛለሁ። የመጀመሪያውንም ለዚያ ወንድማችን ራሴ ወስጄ፣ ምንም ሳላወራ፣ «ቅዳሜ በስምንት ሰዓት፣ በጣቢያው ደጃፍ» ብዬ እሰጠዋለሁ።