ከኮሮና ዘመን የቀረው የሕዝብ ቅሬታ ሊደመጥ ይገባል

የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ በይፋ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በሽታው ዓለም አቀፍ ድንገተኛ አደጋ መሆኑ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ባሉት 3 ዓመታት በኢትዮጵያ ከ500 ሺህ በላይ ሰዎች በበሽታው መያዛቸው፣ ከ7 ሺህ 500 በላይ የሚሆኑት ደግሞ መሞታቸው ተመዝግቧል። የምርመራ ጣቢያዎቹ በብዛት በከተሞች የነበሩ በመሆናቸው በገጠር ታሞ በገጠር የተቀበረው ሁሉ በዚህ ቁጥር ውስጥ ገብቷል ለማለት አይቻልም።

ዛሬ ስለ ኮሮና የሚያወራ ጥቂት ነው። ሆኖም በጭሮ፣ በሒርና፣ በምዕሶ፣ በገለምሶ፣ በበዴሳና በመቻራ አካባቢ ያለው ገበሬና ነጋዴ ያሳለፈውን ጊዜ ረስቶታል ማለት አይደለም። በሽታው አልፎ ቅሬታው ቀርቷል። ይህ ቅሬታ ዛሬ ካልተደመጠና ከሥሩ ካልተመረመረ ነገ ሌላ ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ የሚነገረውን ሁሉ በጥርጣሬ ይሰማል። የዚህ ጉዳት መጀመሪያ የሚያርፈው ደግሞ በትእዛዝ አውጪው ላይ ሳይሆን፣ ትእዛዙን ይዞ ወደ መንደር በሚወርደው የገበሬ ማኅበር መሪ ላይ ነው።

በቅድሚያ እውነቱን አስተካክሎ መናገር ያስፈልጋል። መንግሥት በጊዜው ምንም አልሠራም ማለት ሐሰት ነው። ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ተዘጉ፤ የየብስ ድንበሮች መጋቢት 14 ቀን ተዘጉ፤ መጋቢት 27 ቀን የመጀመሪያው ሞት ከተነገረ በኋላ መጋቢት 30 ቀን የ5 ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የጤና ሚኒስቴር በየዕለቱ የተመረመረውን፣ የተያዘውን፣ የሞተውን ሰው ብዛት ለሕዝብ ያስታውቅ ነበር። ከእጅ ወደ አፍ በሚኖር ሕዝብ ላይ ሙሉ በሙሉ ቤት መዝጋት እንደማይቻል ታምኖበትም የእርሻ ሥራ እንዲቀጥል ተፈቅዷል። ይህ ሁሉ በበጎ የሚታይ ነው። ቅሬታው የተነሣው እርምጃ በመወሰዱ አይደለም፤ እርምጃው በወረደበት መንገድ ነው።

የምዕራብ ሐረርጌ ገበሬ መጋቢትና ሚያዝያን የሚያውቀው በዘር ወቅትነቱ ነው። የበልጉ ዝናብ ሲጥል ማሽላና በቆሎ ይዘራል፤ የዘገየ ዘር ዓመቱን ሙሉ ያስርባል። ይህ ሥራ ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። በሬ የሌለው ከባለ በሬው ጋር ይቀናጃል፤ ጉልበት ያነሰው ጉዛ ጠርቶ በደቦ ያሳርሳል። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው የሚለው ደንብ በደረሰ ጊዜ ጉዛው ይፈቀድ ወይስ ይከልከል፣ ሰው ሲሞት አፎሻው እንዴት ይሰብሰብ፣ ለቅሶ ደራሹ እስከ ስንት ይሁን ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይዞ የመጣ አልነበረም። ደንቡ የተጻፈው የቢሮ ስብሰባንና የከተማ አዳራሽን በማሰብ በመሆኑ፣ በማሳ ላይ ያለውን የገበሬ አንድነት እንዴት እንደሚነካው በጊዜው በጥልቀት አልታየም። በዚህም የተነሣ አንዱ ቀበሌ ሲያጠብቅ ሌላው ላላ፤ ሕዝቡም ሕጉን የበሽታ መከላከያ ሳይሆን የመሪው ፈቃድ አድርጎ ቆጠረው።

ሁለተኛው የመጓጓዣና የገበያ ጉዳይ ነው። በመጋቢት መጨረሻ በርካታ ክልሎች የሕዝብ ማመላለሻን አገዱ፤ ኋላም መኪናዎች በግማሽ እንዲጭኑና የአገር አቋራጭ ዋጋ እስከ እጥፍ እንዲደርስ ተፈቀደ። ከአዲስ አበባ በአዋሽ፣ በምዕሶና በጭሮ አድርጎ ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚዘልቀው መንገድ የዚህ አውራጃ የደም ሥር ነው። ጫት ተቆርጦ ሁለት ቀን ቢያድር ይጠወልጋል፤ ከጠወለገ ገዢ የለውም። በጎተራ የሚቀመጥ፣ ዋጋው እስኪሻል የሚጠበቅ ነገር አይደለም። የሐረር ሰንጋ አድልቦ ለሚያዝያ 11ዱ ፋሲካ ሲጠብቅ የነበረ ገበሬም ገበያው ሲስተጓጎል በሬውን ይዞ ቀረ፤ ያ በሬ ደግሞ በየቀኑ መኖ ይበላል። ነጋዴው የትራንስፖርቱን እጥፍ ዋጋ ከገበሬው ምርት ላይ ቀንሶ፣ ከከተማ በሚያመጣው ሸቀጥ ላይ ጨምሮ በሁለት በኩል አስከፈለው። የቤት ኪራይ እንዳይጨምር፣ ሠራተኛም ከሥራው እንዳይባረር አዋጁ ለከተማው ሰው ጥበቃ አድርጓል፤ ሰንጋው ላልተሸጠለትና ጫቱ ለጠወለገበት ግን ይህን የመሰለ ጥበቃ አልነበረም። ገበሬውን ያስከፋው ማጣቱ ብቻ ሳይሆን አለመታሰቡም ጭምር ነው።

ሦስተኛው፣ ትእዛዙና አቅርቦቱ አለመመጣጠናቸው ነው። እጃችሁን በውሃና በሳሙና ደጋግማችሁ ታጠቡ የሚለው ምክር ትክክለኛ ምክር ነው። ነገር ግን ውሃ በአህያ ወይም በጀርባ ከሩቅ ለምትቀዳ እናት፣ ጀሪካን ውሃ ገዝቶ ለሚጠጣ ቤተሰብ ምክሩ የሚፈጸመው ውሃው ሲቀርብ ነው። ጭምብል አድርጉ ሲባል የጭምብል ዋጋ ሰማይ ነካ። ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ሲለዩ ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን ይተላለፋል ተባለ፤ መብራት በሌለበት መንደር ቴሌቪዥን ምን ያደርጋል? ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው እስኪከፈቱ ድረስ የገበሬው ልጅ በአብዛኛው ከብት ሲጠብቅ ከረመ። በዚያው ዘመን የበረሃ አንበጣ የሐረርጌን ማሳ ወርሮ ስለነበር ገበሬው የሚያየውን ጠላት ትቶ የማያየውን እንዲፈራ የተጠየቀ መስሎ ታየው።

አራተኛው፣ ከሁሉም ይልቅ እምነትን የሸረሸረው፣ ሕጉ ለሁሉም እኩል አለመሥራቱ ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ምእመናን ፋሲካን በየቤታቸው አሳለፉ፤ ሚያዝያ 16 ቀን የገባውን ረመዳን ሙስሊሙ ከመስጊድ ርቆ ጾመ። የሃይማኖት አባቶች ይህን ከባድ ነገር ተቀብለው ሕዝባቸውን አስተባበሩ። በአዲስ አበባ ጭምብል አላደረጋችሁም ተብለው በርካታ ሰዎች በፖሊስ ተያዙ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከመድረሱ በፊት የአስቸኳይ ጊዜው ቢያበቃም ጭምብልንና መራራቅን የሚያዝዘው መመሪያ ቁጥር 30/2013 ተተክቶ ነበር። ይህ መመሪያ በሥራ ላይ እያለ የምርጫ ቅስቀሳ መጣ፤ ሰኔ 9 ቀን 2013 ዓ.ም. በጅማ ስታዲየም የተደረገውን ዓይነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የተገኘበትን ሰልፍ አገር ሁሉ በቴሌቪዥን ተመለከተ። አፎሻውን እንዳይሰበስብ የተነገረው ሽማግሌ ይህን አይቶ «በሽታው ሰው ይመርጣል እንዴ?» ቢል ማን ይፈርድበታል? ጥያቄው የማላገጫ አልነበረም፤ የፍትሕ ጥያቄ ነበር። የመለሰለት ግን አልተገኘም።

የክትባቱም ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ክትባት የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ሀብታሞቹ አገሮች ከሕዝባቸው ብዛት በላይ አስቀድመው ገዝተው ነበር። የድሃ አገሮች ዕጣ መዘግየቱ የዓለም በደል ነው። በእጅ የገባው ክትባት ግን ወደ ገጠር ሲወርድ ያጋጠመው ሐሜትና ጥርጣሬ የእኛው የቤት ሥራ ውጤት ነው። ገበሬው ልጁን ለኩፍኝ የሚያስከትብ ሰው ነው፤ ክትባትን በጠቅላላው አይጠላም። የጠላው መካሪው የት እንደነበረ ሳያውቅ በድንገት መጥቶ ክንድህን አምጣ መባሉን ነው።

በታሪካችን ለዚህ ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነገር አለ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሪቱን ሲፈጅ የተሠራ የጤና ድርጅት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ዘመን ለእኛ የተረፈው በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማጠን ልማድ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ የረሃቡን ወሬ መደበቅ ምን ያህል ሕይወት እንዳስከፈለ፣ በመጨረሻም ደባቂውን ራሱን እንዴት እንደጣለ ይታወቃል። በቅርብ ዓመታትም ኮሌራ በስሙ እንዳይጠራ እየተባለ አተት ሲባል የቆየበት ጊዜ ነበር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶች አባባል ለአንድ ሰው ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለመንግሥትም ይሠራል።

በሌላ በኩል የፈንጣጣ ዘመቻ አለ። በ1963 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ በሽታውን በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ከአገራችን ያጠፋው በአዋጅ ብዛት አይደለም። ሠራተኞቹ ከመንደር መንደር በእግር እየዞሩ፣ በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ «እንዲህ ያለ ቁስል ያየ አለ?» እያሉ እየጠየቁ፣ የታመመውን ቤት አግኝተው በዙሪያው ያለውን ሰው በመከተብ ነው። ሕዝቡ የመረጃው ምንጭ ስለነበር የሥራው ባለቤት ሆነ። ወረርሽኝ የሚሸነፈው ሕዝቡ ሲጠየቅና ሲመልስ ነው፤ የሚሰፋው ደግሞ ሲታዘዝ ብቻ ነው።

ከዚህ በመነሣት የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከአሁኑ ሊይዟቸው የሚገቡ ተግባራት አሉ።

አንደኛ፣ ወደ ላይ የሚላክ ሪፖርት እውነተኛ ይሁን። «ሁሉም በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚል ወረቀት አለቃን ያስደስት ይሆናል፤ መድኃኒትና ውሃ ግን አያስመጣም። በቀበሌያችሁ ስንት ሰው እንደታመመ፣ ስንት ቤት ውሃ እንደሌለው፣ የትኛው መንደር ከጤና ኬላው ስንት ሰዓት እንደሚርቅ በቁጥር ጻፉ፤ የጻፋችሁትንም ቅጂ አስቀሩ።

ሁለተኛ፣ ትእዛዝ ሲደርስ ወዲያው ወደ ክልከላ ከመሄድ በፊት ጠቅላላ ጉባኤው ወይም ሽማግሌዎቹ፣ ሴቶቹና የሃይማኖት አባቶቹ ይምከሩበት። ሕጉን ማን ይሻር አልተባለም፤ እንዴት ይፈጸም ነው የሚባለው። ጉዛው ሰው ቀንሶ በፈረቃ ሊሠራ ይችላል፤ ገበያው በአንድ ሜዳ ከመጨናነቅ ከብቱና እህሉ በተለያየ ቦታና ቀን ሊውል ይችላል፤ አፎሻው ለሟች ቤተሰብ መዋጮውን በተወካይ ሊያደርስ ይችላል። እንዲህ ያለውን ዘዴ ከአዲስ አበባ የሚጽፍላችሁ የለም፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የማኅበሩ አካል ሆነው ይታዩ። ቤት ለቤት የሚዞሩት እነርሱ በመሆናቸው የወረርሽኝ ጭምጭምታ መጀመሪያ የሚደርሳቸው ለእነርሱ ነው። በስብሰባ ጊዜ ወንበር ብቻ ሳይሆን ቃልም ይሰጣቸው።

አራተኛ፣ መሪው ራሱ ሕጉን ቀድሞ ይፈጽም። በማኅበርተኛው ላይ በርጫ ከልክሎ ማታ በራሱ ቤት በርጫ የሚቀመጥ መሪ ከበሽታው የከፋ ነገር ያዛምታል።

ግዴታው ግን በአንድ ወገን ብቻ የሚጫን አይደለም። ከወረዳ እስከ ፌዴራል ያሉት የመንግሥት አካላትም ለገበሬው ያለባቸው ዕዳ አለ። ገበያ የሚዘጋ ትእዛዝ ሲወጣ ከእርሱ ጋር ለሚበላሽ ምርት መውጫ መንገድ ይዘጋጅ። ታጠቡ የሚል መልእክት ከመለጠፉ በፊት የተበላሸው የውሃ ጉድጓድ ይጠገን። መልእክቱ በሕዝቡ ቋንቋ፣ ሕዝቡ በሚያምነው ሰው አንደበት ይነገር። ሕጉ በሥልጣን ላይ ባለው ሰውና በማሳ ላይ ባለው ሰው ላይ እኩል ይሥራ። ችግሩ ካለፈ በኋላም ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደጎደለ፣ የተሰበሰበው ገንዘብና ቁሳቁስ የት እንደደረሰ በየቀበሌው ጉባኤ ላይ ሂሳብ ይቅረብ። ስለ ኮሮናው ዘመን እንዲህ ያለ ሂሳብ በመንደር ደረጃ ሲቀርብ አላየንም፤ አሁንም ቢሆን ጊዜው አልመሸም።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራትን ሲያቋቁም ዓላማው ገበሬው በራሱ ጉዳይ ራሱ እንዲመክር ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ አደረጃጀቱም ስሙም ተለውጧል፤ ዛሬም ግን ብዙው ሕዝብ ቀበሌውን ገበሬ ማኅበር እያለ ይጠራዋል። ስሙ የጸናው ነገሩ ስለሚያስፈልግ ነው። ማኅበር ማለት የላይኛውን ቃል ወደ ታች የሚያወርድ ቱቦ ብቻ ከሆነ ሕዝቡ ቱቦውን ይሸሸዋል። የታችኛውንም ቃል ወደ ላይ የሚያደርስ ሲሆን ግን በክፉ ቀን ይሰበሰብበታል።

ኮሌራ፣ ወባና ኩፍኝ ቀጠሮ ይዘው አይመጡም። የምዕራብ ሐረርጌ የገበሬ ማኅበር መሪዎች በመጪው የስብሰባ ቀናቸው አንድ አጀንዳ ይጨምሩ፤ በኮሮናው ጊዜ ምን ጎዳን፣ ምን ጠቀመን፣ ዳግመኛ ቢመጣ ምን እናደርጋለን ብለው ሕዝቡን ይጠይቁ። የሚባለውንም ይመዝግቡ፤ የተመዘገበውንም ለወረዳው አድርሰው መልስ ይጠብቁ። መልሱ ቢዘገይ ደግመው ይጠይቁ። ይህን የሚያደርግ መሪ ነገ «እጃችሁን ታጠቡ፣ ተራራቁ» ሲል የሚሰማው ያገኛል።