ለቀድሞ ባሕረኞች፦ ነሐሱን ፋቁት



ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የተሰበረ የቧንቧ ክርን ተቀምጧል። ከአውራ ጣቴ እምብዛም አይበልጥም። ላዩ ያብረቀርቃል፤ የወለወልሁትም እኔ ራሴ ነኝ። የተሰበረበትን ጎን ገልብጣችሁ ብታዩት ግን የበሰለ ዘይቱን ውስጥ ይመስላል። ሮዝ ነው፤ በጥፍር ሲጭሩት ይፈረፈራል። ይህ ቁራጭ በአሜሪካ በቼሳፒክ ወሽመጥ ዳር፣ ነፋስ እንኳ ባልነበረበት ሌሊት፣ ገመዷ በሥርዓት የታሰረ የ9 ሜትር ሸራ ጀልባ አሰመጠ። ጀልባዋ የአንድ ጡረተኛ ጓዳችን ነበረች። ሰው አልሞተም። ጓዳችን ግን ቅዳሜ ማታ እዚያው ጀልባዋ ላይ የማደር ልማድ ነበረው፤ ያን ዕለት እቤቱ ያደረው የልጅ ልጁ ልደት ስለነበር ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ልክ አይደለም። ይህንንም የምጽፍላችሁ ሌሎቻችሁም እንደኔው ስትሳሳቱ ስላየሁ ነው።

እኛ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ሰዎች በ1983 ዓ.ም. ከተበተንን በኋላ አብዛኞቻችን ከባሕር ርቀን ኖርን። ታክሲ ነዳን፣ መኪና ማቆሚያ ጠበቅን፣ ልጅ አሳደግን። በስተርጅና ግን ባሕሩ መልሶ ጠራን። ገሚሱ በአናፖሊስና በባልቲሞር ዙሪያ ጀልባ ጥገና ገባ፤ ገሚሱም እንደዚያ ጓዳችን ገንዘብ አጠራቅሞ፣ የሠላሳና የአርባ ዓመት ዕድሜ ያላት አሮጌ ጀልባ ገዛ። ይዘነው የመጣነው ልማድ ደግሞ የምጽዋው ነው። ጃንሆይ ለባሕር ኃይል በዓል ሲወርዱ «ኢትዮጵያ» መርከብ ላይ ነሐስ የሚባል ነገር ሁሉ ፊት ያሳይ ነበር፤ ደወሉ፣ መስኮቱ፣ የደረጃው ጠርዝ። አለቃችን ነጭ መሐረቡን ይዞ ይመጣል፤ መሐረቡ ከጠቆረ ዕረፍት የለም። የሚያብረቀርቅ ሁሉ ደኅና ነው ብለን ያደግነው በዚያ መሐረብ ነው።

ያቺ መርከብ እኮ የብረት ሆድ ነበራት። ሌትና ቀን ተረኛ ያለበት የሞተር ክፍልም ነበራት። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ስንረከባት ስሟ ኦርካ ነበር፤ መጨረሻዋም የመን ላይ ለቁርጥራጭ ብረት መሸጥ ሆነ። (ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ እንተወው።) የዛሬዎቹ ጀልባዎቻችን ተረኛ የላቸውም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻቸውን ውሃ ላይ ተኝተው፣ ሕይወታቸው የባሕሩን ውሃ ከሆዳቸው በሚያግዱ አምስት ወይም ሰባት የነሐስ ቫልቮች ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚያድሩት።

ነገሩ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። እኛ «ነሐስ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ብሮንዝ፣ መዳብ ከቲን ወይም ከጥቂት ሲሊከን ጋር የተቀላቀለበት ሲሆን፣ በጨው ውሃ ውስጥ የሰው ዕድሜ ይኖራል። ሁለተኛው ብራስ፣ መዳብ ከዚንክ ጋር የተዋሐደበት ነው። ዚንኩ ከ15 በመቶ ሲያልፍ የጨው ውሃ ዚንኩን ብቻ እየመረጠ ይበላና መዳቡን እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጎ ይተወዋል። የቧንቧው ቅርጽ ያው ነው፤ ውፍረቱም ያው ነው፤ ጥንካሬው ግን ሄዷል። ሮዝ መልኩ የቀረው መዳብ መልክ ነው። ሻጩ «የባሕር ብሮንዝ ነው» ቢላችሁም አትቀበሉ፤ ማንጋኒዝ ብሮንዝ የሚባለው ራሱ 40 በመቶ የሚጠጋ ዚንክ ያለበት ብራስ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው ብሮንዝ። አውሮፓ የተሠራ ጀልባ ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው አይኤስኦ 9093 የተባለው ደረጃ «ዝገት የሚቋቋም» ያለው 5 ዓመት ሳይበላሽ የሚያገለግለውን ዕቃ ነው። 5 ዓመት! ጀልባዎቻችን የስንት ዓመት ናቸው?

እንግዲህ እኔ የሠራሁትን ስሕተት ስሙ። የጓዳችንን ጀልባ በየጸደዩ የማጸዳው እኔ ነበርሁ። ከጀልባዋ ወለል በላይ ያለውን፣ የገመድ መሳቢያ ዊንቹን፣ የሽቦ ገመድ ማጥበቂያውን፣ የመስኮቱን ክፈፍ ከወለወልሁ በኋላ ወደ ታች ወርጄ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያሉትንም ቫልቮች እወለውላቸው ነበር። በሎሚና በጨው፤ አንዳንዴም ሽታው ዓይን በሚያቃጥል አሞኒያ ባለበት ማጽጃ። ሁለቱም ጥፋት ነበሩ። አሲድ ብራስ ሲነካው ከላዩ ያለውን ዚንክ ስለሚያጥብ ራሱም የሮዝ መልክ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ውስጡ የሞተውንና ላዩ ብቻ የታጠበውን መለየት አቃተኝ፤ ሮዝ ባየሁ ቁጥር «የሎሚው ነው» እያልሁ አልፌዋለሁ። አሞኒያው የባሰ ነው። እንግሊዞች ሕንድን በሚገዙበት ዘመን በክረምት በፈረስ ጋጣ አጠገብ ያከማቹት የጥይት ቀለህ ያለ ምክንያት ይሰነጠቅባቸው ነበር፤ ሰንጣቂው ከፈረሶቹ ሽንት የሚነሣው አሞኒያ ሆኖ ተገኘ። ቀለሁም ብራስ ነበር። እንግዲህ አጥብቃችሁ ባሰራችሁት የብራስ ቫልቭ ላይ ይህን ስትቀቡ ምን እየሠራችሁ እንደሆነ አስቡት። ከላይ አማረ፤ ውስጡን ለቄስ።

ከወለል በላይ ያለውን በተመለከተ ብዙ አልልም። አረንጓዴው ልባስ ጠላት አይደለም፤ ነሐሱ ራሱ ያበጀው ካባ ነው፤ በየሳምንቱ ስትፈገፍጉት ብረቱን ነው የምታነሡት። ከወደዳችሁ ወልውሉት፤ እኔ ትቼዋለሁ። ዊንች ላይ ግን አንድ ነገር አደራ፦ በየዓመቱ ፈትታችሁ ጥርሱን በግራሶ፣ መልሶ እንዳይሽከረከር የሚይዘውን ትንሿን ምላስ ግን በቀጭን ዘይት ብቻ። ግራሶ ምላሷን ያጣብቃታል፤ ያን ጊዜ መዘውሩ ተመልሶ ክንድ ይሰብራል። የእኛ ዕድሜ አጥንት ደግሞ አይገጥምም።

ሌላው መዘዝ የብረቶች ጉርብትና ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1761 «አላርም» የተባለችውን መርከብ ሆዷን በመዳብ ለብጧት ነበር። በ1763 ሲመረምሯት የብረት ምስማሮቿ ከመዳቡ ጋር በተነካኩበት ሁሉ ተበልተው አገኟቸው። መዳቡ የተጠቀለለበት ቡናማ ወረቀት በስንፍና ሳይነሣ የቀረበት ቦታ ግን ምስማሩ ደኅና ነበር። የአንድ ሠራተኛ ስንፍና ለሳይንስ የጠቀመበት ቀን! ስለዚህ የነሐስ ዊንች በአሉሚኒየም ምሰሶ ላይ ስታስሩ መካከላቸው ፕላስቲክ አግቡ። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪም እ.ኤ.አ. በ1824 ያሳየው የዚህኑ ሌላ ገጽ ነው፤ ከመዳቡ ጋር ትንሽ ዚንክ ብታያይዙ ባሕሩ ዚንኩን እየበላ መዳቡን ይተወዋል። የዚንኩ ቁራጭ ግማሹ ሲያልቅ ቀይሩት፤ ቀለም አትቀቡት። ቀለም የተቀባ ዚንክ አይሠራም፤ ይህን ያደረገ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንዲያምር ብሎ! ከወደቡ መብራት የምትስቡበት ገመድም ጀልባችሁን ከጎረቤት ጀልባ ጋር በምድር መስመሩ እንደሚያገናኛት አትርሱ። የእናንተ ዚንክ የጎረቤትን ነሐስ ሲጠብቅ ያልቃል፤ ያንን የሚያቋርጥ ዕቃ ይሸጣል፤ ግዙ።

አሁን ወደ ዋናው። በመከር ጀልባችሁ ከውሃ ስትወጣ፣ ሌላ ሰው ሳትልኩ፣ ጉልበታችሁ ቢያምም ተንበርክካችሁ የጀልባዋን ሆድ በስቶ የሚወጣውን እያንዳንዱን ቧንቧ በቢላዋ ፋቁት። አንድ ጊዜ ቀለል አድርጎ መፋቅ አይበቃም፤ ጠለቅ አድርጋችሁ ፋቁ። ቢጫ ወይም ወርቃማ ከወጣ ደኅና ነው። ሮዙ እየጠለቀ ከሄደ ሞቷል። ቀጥሎ በትንሽ መዶሻ ምቱት፤ ደኅናው እንደ ቃጭል ይጮኻል፣ የሞተው እንደ ሸክላ ድም ይላል። ቢሰበር ደስ ይበላችሁ፤ በደረቅ ላይ ተሰበረ። ባለ ሾጣጣ ቡሽ ቫልቭ ያላችሁ ፈትታችሁ፣ ቫልቭ መፍጫ ቅባት ቀብታችሁ አሽታችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ በግራሶ መልሱት። እጀታው የማይዞር ቫልቭ ቫልቭ አይባልም። ቱቦው የተጠለቀበት አንገት ርዝመት ከፈቀደ ሁለት ፋሸታ እሰሩ።

ሒሳቡንም ላስታውሳችሁ፤ የሞተር ክፍል ሰዎች አይደለን? ከውሃ ወለል 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ የ19 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሰዓት 2 ቶን ገደማ ውሃ ያስገባል። የቀዳዳው ዲያሜትር እጥፍ ሲሆን ውሃው አራት እጥፍ ይሆናል። ትንሿ ፓምፕ ባትሪው እስኪያልቅ ትታገላለች፤ ከዚያ ዝም ትላለች። የጓዳችን ጀልባ የሰመጠችው እንዲህ ነው፤ ጠዋት ስንደርስ ከውሃው በላይ የነበረው ምሰሶዋ ብቻ ነው።

ስናወጣት ቫልቮቿን አንድ በአንድ ፋቅሁ። ከሰባቱ ሦስቱ ሮዝ ነበሩ። ሦስቱንም በዚያው ጸደይ ወልውያቸው ነበር።

ስለዚህ በየቫልቩ አጠገብ ለስላሳ የእንጨት ውታፍ በክር አንጠልጥሉ። ወደ ቤት ስትሄዱ ቫልቮቹን ዝጉ። እስከ መከር አትጠብቁ፤ በዚህ ቅዳሜ ወርዳችሁ ከውስጥ በኩል ያለውን ፋቁ። ቢላዋ የሌለው ይደውልልኝ፤ መጥቼ አብሬው እንበረከካለሁ።