‹‹ወራጅ አለ!›› ሁለት ፌርማታ ቀድመን እንበል

ቲክቶክ ላይ ‹‹ቦርጭ በ30 ቀን ማጥፊያ›› የሚል ቪዲዮ ያልገጠመው ወጣት ያለ አይመስለኝም። ጂም ግቡ፣ ይሄን ዱቄት በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ያንን ጫማ ግዙ ይባላል። ስለ ሰውነት ብቃት የምናወራው ሁሉ ስለ ግለሰቡ ጉብዝናና ስለ ኪሱ ሆኗል። እኔ ግን ነገሩ ከጂም በር ይልቅ ከመንገዱ ጋር ነው የሚያያዘው ባይ ነኝ።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ አዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ማድረግ አለበት። መካከለኛ ማለት እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት ፍጥነት ነው። በሳምንት 2 ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ይጨመራል። ድሮ እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ ካልቀጠለ አይቆጠርም ነበር። አሁን ያ ገደብ ቀርቷል፤ 3 ደቂቃ ደረጃ መውጣትም ይደመራል።

እንግዲህ አስሉት። ጠዋት ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ‹‹ወራጅ አለ!›› ብሎ 15 ደቂቃ ፈጠን ፈጠን ማለት፣ ማታም እንደዚያው፤ በ5 የሥራ ቀን 150 ደቂቃ ሞላ። ለጡንቻው ቤት ውስጥ ቁጭ ብድግና ፑሽ አፕ ይበቃል። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ጀሪካን ተሸክሞ የሚወጣ ሰውማ ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ታዲያ ይሄን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን አይደረግም? እዚህ ላይ ነው መንገዱ የሚመጣው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ ቦሌ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር አምጥቷል። ማታ መብራት አለ፣ ሰው ይንሸራሸራል። ይሄ ጥሩ ነው፤ መካድ አያስፈልግም። ግን ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነስቶ ቦሌ አራብሳ ወይም ገላን ጉራ የገባው ሰው ድሮ በእግሩ ይደርስበት የነበረውን ሥራ አሁን በአውቶብስ ተቀምጦ ነው የሚሄደው። መሀል ከተማው ለመራመድ ሲመች፣ ይራመድበት የነበረው ነዋሪ ርቋል። ሰልፍ ቆሞ፣ ተጋፍቶ፣ መሽቶበት ቤቱ የገባን ሰው ‹‹ስንፍና ነው›› ማለት ፍርድ አይደለም።

ሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል። ከዋናው አስፋልት ገባ ያለ ጨለማ መንገድ ላይ ለከፋውና ስጋቱ እያለ ‹‹ማታ ማታ ሩጪ›› የሚል ምክር ምን ዋጋ አለው? ኳስ የምንራገጥባቸው የሰፈር ሜዳዎችም ብዙዎቹ ሕንፃ በቅሎባቸዋል።

የሯጮች አገር ነን እንላለን። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን መጀመሪያ ያሮጠው ግን ጂም አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለነበር ነው። እንቅስቃሴው የኑሮው አካል ነበር። ታላቁ ሩጫ በዓመት አንድ ቀን ከተማዋን በቲሸርት ቢሞላትም የቀረውን ዓመት አይሸፍንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛው ለአስተዳደሩ ነው፦ በ2011 ዓ.ም. በወር አንድ እሑድ ተብሎ የተጀመረው ‹‹መንገድ ለሰው›› በየሳምንቱ ይሁን፣ ወደ አያት፣ ወደ ጀሞና ወደ ኮዬ ፈጬም ይውረድ። መብራትና ንጹሕ የእግረኛ መንገድ የዋና ጎዳና ብቻ መሆን የለበትም። ሁለተኛው ለእናንተ ነው፦ መንገዱ እስኪስተካከል አትጠብቁ። አብሯችሁ የሚወርድ አንድ የሥራ ባልደረባ ፈልጉ፤ ወሬ ካለ 15 ደቂቃ ሩቅ አይደለም። ስልኩም ኪስ ውስጥ ሆኖ እርምጃ ይቁጠር።