ፌይተን ዋጋው ይገባው ነበር?
የቮልስዋገኑን ፌይተን ገበያ ያሳጣው የለጠፈው ዓርማ እንጂ መኪናው አይደለም ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ይህ ሴዳን የኩባንያው አለቃ የፈርዲናንድ ፒየኽ የልብ ምኞት ነበር፤ ድሬስደን ከተማ፣ ግድግዳው መስታወት በሆነ ፋብሪካ ውስጥ በእጅ ይገጣጠም ነበር። ከቤንትሌይ ኮንቲኔንታል ጂቲ ጋርም የሥጋ ዘመድ ነው። ውስጡን ልብ ብሎ ላየው ደግሞ ሌላ ነው፦ የአየር ማስገቢያዎቹን የሸፈነው የእንጨት ልባጥ ሲያስፈልግ ብቻ ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ ንፋሱም ፊት ላይ አይመታም። የኋላ ሻንጣው ማጠፊያ እንኳ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነገር፣ እንደ ጌጥ ተወልውሏል። ግን ባለገንዘብ ቅንጦት ሲገዛ የሚከፍለው ለሚያየው ሰው ጭምር ነው፤ ከጎረቤቱ ጎልፍ ጋር አንድ ዓርማ ለለጠፈ መኪና የመርሴዲስ ዋጋ ማውጣት አልዋጥ አለው። አሜሪካ ውስጥ ሽያጩ በ2006 ቆመ፤ ምርቱም በ2016 ጨርሶ አበቃ። የባለ 12 ሲሊንደሩን ነዳጅና ጥገናማ አለማንሳት ይሻላል። እንግዲህ ፍርዴ ይኸው፦ እስኪያረጅ ድረስ ሊነዳው ለገዛ ሰው ዋጋው ይገባው ነበር፤ በሦስት ዓመቱ ሊሸጠው ላሰበ ግን የለየለት ኪሳራ ነው።