የካውንስል ታክስ ባንዳችሁን ጠይቁ፤ የጎረቤታችሁን ቤት ግን አትርሱ



ይህን ጽሑፍ በተለይ እንግሊዝ ለምትኖሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ነው የጻፍነው። አገር ቤት ያላችሁ የጣሪያና ግድግዳ ግብርን ስለምታውቁ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም። አንድ ልዩነት ግን አለ። እዚህ ግብሩን በአብዛኛው የሚከፍለው የቤቱ ባለቤት ሳይሆን ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው። ተከራይም ይከፍላል፣ የካውንስል ቤት የተሰጠውም ይከፍላል። ስለዚህ "ቤቱ የኔ አይደለም፣ ምን አገባኝ" ማለት አያዋጣም።

በየዓመቱ ማርች ላይ ደብዳቤው ሲደርስ ሰዎች ይዘውት ወደ እኛ ይመጣሉ። ኢማማችንን የምናግዝ ሰዎች ነንና ከጁሙዓ በኋላ ወረቀት ማንበብ ከሥራችን አንዱ ሆኗል። ሁሉም የሚያየው የገንዘቡን ድምር ነው። "ባንድ ዲ" ወይም "ባንድ ኢ" የምትለዋን አንዲት ፊደል የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። ገንዘቡን የምትወስነው ግን እሷ ናት።

ካውንስል ታክስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1993 ነው። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ የተቃወመውን "ፖል ታክስ" የተካ ግብር ነው። ለእያንዳንዱ ቤት ከኤ እስከ ኤች ካሉት ስምንት ባንዶች አንዱ ተሰጠው። መለኪያው ደግሞ ቤቱ ኤፕሪል 1 ቀን 1991 ቢሸጥ ስንት ያወጣ ነበር የሚለው ነው። እስከ 40,000 ፓውንድ የሚያወጣው ኤ ሆነ፤ ከ68,000 በላይ እስከ 88,000 ያለው ዲ ሆነ፤ ከ320,000 በላይ የሆነው ኤች ሆነ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ አጠቃላይ ዳግም ግምት አልተደረገም። ባለፈው ዓመት ተሠርቶ ያለቀ ፍላት እንኳ የሚገመተው "በ1991 ቢኖር ኖሮ" ተብሎ ነው። (ዌልስ በ2003 ዋጋ እንደገና ገምታለች፣ ስኮትላንድም የራሷ ገማቾች አሏት። እኛ የምናወራው ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው።)

ያ የመጀመሪያው ግምት እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶችን በአጭር ጊዜ ጨርሱ ስለተባለ ብዙዎቹን ገማቾቹ ከመንገድ ላይ ነው ያዩዋቸው፤ መኪናቸውን ቀስ አድርገው እየነዱ። በር አላንኳኩም፣ ክፍል አልቆጠሩም። እንዲህ በተሠራ ሥራ ውስጥ ስህተት ቢኖር ሊገርመን አይገባም። ሁለት መንታ የሚመስሉ ቤቶች በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ሲ ሌላው ዲ ሆነው የሚገኙት ከዚህ የተነሳ ነው።

በዚህ ጉዳይ ጀማዓችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው እናያለን፤ ከሁለቱም ጋር አንስማማም።

አንደኛው "እኛ እንግዶች ነን፣ መንግሥትን መነካካት ጥሩ አይደለም፣ ሰብር አድርጉ" የሚል ነው። ሰብር ትልቅ ነገር ነው፤ ቦታው ግን እዚህ አይደለም። ባንዱን እንድትጠይቅ የፈቀደልህ ራሱ ሕጉ ነው። ጥያቄውን የሚቀበለው ቫሉዌሽን ኦፊስ ለዚሁ የተቀመጠ ነው፤ ካውንስሉ ገንዘቡን ይሰበስባል እንጂ ባንዱን አይወስንም። በጥያቄህ የሚቀየምህ የለም። ስህተት የሆነ ሒሳብ እየከፈሉ ዝም ማለት ከልጆች ቀለብ ላይ መቀነስ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ "ቅጹን ሙሉት፣ ምን ይጎዳል፣ ዕድላችሁን ሞክሩ" የሚለው ነው። ይሄኛው የበለጠ ያሳስበናል፤ ምክንያቱም ይጎዳል። ባንድ እንዲታይ ስትጠይቁ ሊወርድ፣ ባለበት ሊቆይ፣ ሊጨምርም ይችላል።

ሒሳቡን እንየው። እያንዳንዱ ባንድ የሚከፍለው ከዲ ጋር ተነጻጽሮ በዘጠነኛ ነው፤ ኤ ከዘጠኝ 6 እጁን፣ ቢ 7፣ ሲ 8፣ ዲ 9 ይከፍላል። ከዚያ ዝላዩ ይሰፋል፤ ኢ 11፣ ኤፍ 13፣ ጂ 15፣ ኤች 18። ለምሳሌ እንዲመቸን በአንድ ካውንስል የዲ ክፍያ በዓመት 2,000 ፓውንድ ነው እንበል። ከዲ ወደ ሲ የወረደ ሰው በዓመት 222 ፓውንድ ያህል ይቀርለታል። ከዲ ወደ ኢ የወጣ ግን 444 ፓውንድ ያህል ይጨመርበታል። ከዲ ለሚነሳ ሰው ኪሳራው ከትርፉ እጥፍ ነው ማለት ነው። "ዕድላችሁን ሞክሩ" የሚሉ ሰዎች ይህን አይናገሩም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። "የጎረቤቴ ቤት ከኔ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ እሱ ሲ ነው እኔ ዲ ነኝ" ብላችሁ ስትጽፉ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁለቱን ቤቶች ያያል። አይቶም "ልክ ነህ፣ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስህተቱ ግን የእሱ ነው፣ እሱም ዲ መሆን ነበረበት" ሊል ይችላል። ያ ጎረቤት ምንም አላደረገም። ምናልባት ሱሪዎን ታጥቀው የቀብር ዕለት የመጡልዎት አዛውንት ይሆናሉ፤ ምናልባት በጡረታ ገንዘብ የምትኖር፣ በዒድ ቀን ምግብ የምትልኩላት እንግሊዛዊት ትሆናለች። አንድ ቀን እናንተ በጻፋችሁት ደብዳቤ ምክንያት ክፍያዋ ይጨምራል። ሁለታችሁም ተጎዳችሁ፣ ወይም እናንተ ምንም ሳታገኙ እሷ ተጎዳች።

ታዲያ አንጠይቅ ወይ? እኛ ጠይቁ እንላለን፤ መንገድ ግን አለው። ማርቲን ሉዊስ የተባለው የገንዘብ ጉዳይ ጋዜጠኛ ለዚህ አገር ሰው ያስተማረው ባለ ሁለት ደረጃ ፍተሻ አለ። መጀመሪያ የጎረቤቶቻችሁን ባንድ እዩ፤ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ፖስትኮድ ብታስገቡ የሁሉም ይታያል፣ ምስጢር አይደለም። የምታወዳድሩት ቤት በዓይነት፣ በስፋትና በዕድሜ የእናንተን የሚመስል ይሁን፤ ባለ ሁለት መኝታ ፍላትን ከባለ ሦስት መኝታ ቤት ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። ሁለተኛው ደረጃ ቤታችሁ በ1991 ስንት ያወጣ እንደነበር ማስላት ነው። የቤት ሽያጭ ዋጋዎች ከ1995 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። የእናንተ ወይም የሚመስለው ጎረቤት ቤት የተሸጠበትን አንድ የቆየ ዋጋ ወስዳችሁ፣ በቤት ዋጋ ማስያ ወደ 1991 መልሱት።

ብዙዎች ሁለተኛውን ደረጃ ለራሳቸው መጠበቂያ አድርገው ነው የሚያዩት። እኛ ግን የጎረቤት ሐቅ ያለው እዚያ ላይ ነው እንላለን። የ1991 ዋጋው በእርግጥ በሲ ክልል ውስጥ ከወደቀ፣ የተሳሳተው የእናንተ ዲ እንጂ የእሱ ሲ አይደለም፤ ስትጠይቁም እሱን አትነኩትም። ዋጋው በዲ ክልል ውስጥ ከወደቀ ግን እናንተ ትክክለኛውን እየከፈላችሁ ነው፣ ጎረቤታችሁ ደግሞ ሌላ ሰው በሠራው ስህተት ተጠቅሟል። ያኔ ወረቀቱን አጥፋችሁ አስቀምጡት። ሁለቱም ፍተሻዎች አንድ ነገር ካልተናገሩ አትጻፉ። ጥርጣሬ ካላችሁም ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ጎረቤታችሁን አንኳኩና አነጋግሩ። ምናልባት እሱ ራሱ ከዓመታት በፊት ጠይቆ አስወርዶ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ለእናንተ ጥሩ ማስረጃ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች "ጎረቤቱ ከሚገባው በታች እየከፈለ ከሆነ እሱም ሐቅ አለበት፣ ቢነካ ምን አለበት?" ይሉናል። መልሳችን አጭር ነው፤ እሱን መገመት የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ነው። እኛ ጠቋሚ እንድንሆን ማንም አልሾመንም።

አሁን ስለ አሠራሩ። በቤቱ ላይ አዲስ ከፋይ ከሆናችሁ 6 ወር ሳይሞላ መደበኛ ክርክር ማቅረብ ትችላላችሁ። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ባንዳችሁን ከቀየረም እንዲሁ 6 ወር አላችሁ። ውሳኔው ካልተስማማችሁ ወደ ቫሉዌሽን ትሪቡናል የመሄድ መብት የሚያሰጠው ይህ መንገድ ነው፤ ለዚያም 3 ወር ነው ያላችሁ። 6 ወሩ ያለፈበት ሰው ባንዱ እንዲከለስለት በማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያለ በቂ ማስረጃ ግን ላያዩለት ይችላሉ። ማስረጃ የሚባለው የሚመሳሰሉና በዝቅተኛ ባንድ ያሉ ቤቶች አድራሻ፣ ወይም በ1991 አካባቢ የተሸጡበት ዋጋ ነው። በማስያ ያገኛችሁት ቁጥር ለራሳችሁ ማረጋገጫ ነው እንጂ ለእነሱ ማስረጃ አይሆንም። መልስ እስኪመጣ ክፍያችሁን አታቋርጡ፤ "ጠይቄያለሁ" ብሎ ያቆመ ሰው የፍርድ ቤት ደብዳቤ ይመጣበታል።

ቤቱን ስታስፋፉ ባንዱ ወዲያው አይነሳም፤ ቤቱ ሲሸጥ ግን ገዢው ላይ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ከኋላ ክፍል የተቀጠለበት ቤት የገዛችሁ ሰዎች ከመጻፋችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ። የተቀጠለውን ክፍል ደብቆ መጻፍስ? እሱ ውሸት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ባንዱ ከመጀመሪያው የተሳሳተ ሆኖ ከወረደ፣ በዚያ ቤት መክፈል ከጀመራችሁበት ጊዜ አንስቶ ያለው ትርፍ ክፍያ ሊመለስ ይችላል፤ ለቆየ ነዋሪ እስከ 1993 ድረስ። ደላሎቹ የሚያሸቱት ይህን ገንዘብ ነው። ስልክ ደውለው "ባንድዎን እናስወርድልዎታለን፣ ከተመላሹ እኛ ይህን ያህል በመቶ እንወስዳለን" ይላሉ። አንዳንዱ በአማርኛም በዓረብኛም ይደውላል። ለመሥሪያ ቤቱ መጻፍ በነጻ ነው፣ ትሪቡናሉም በነጻ ነው። ደላላው የሚሞላውን ቅጽ አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰች ልጃችሁ በአንድ ከሰዓት ትሞላዋለች። የባንክ ቁጥራችሁን በስልክ ለሚጠይቅ ሰው በፍጹም አትስጡ።

ወደ ባንድ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ጎረቤት የማይነካባቸውን ነገሮች ጨርሱ። ቤቱ ውስጥ ብቻውን የሚኖር አዋቂ 25 በመቶ ይቀነስለታል። የሙሉ ጊዜ ተማሪ በሒሳቡ ውስጥ አይቆጠርም። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ከካውንስሉ ቅናሽ መጠየቅ ይችላል። በአካል ጉዳት ምክንያት ቤቱ ውስጥ ለዊልቸር የሚሆን ቦታ ወይም ተጨማሪ መታጠቢያ ቤት ያስፈለገው ቤተሰብ በአንድ ባንድ ዝቅ ብሎ ሊከፍል ይችላል። በጋራ መኖሪያ ቤት አንድ ክፍል ተከራይታችሁ ለብቻችሁ ባንድ ተሰጥቷችሁ የነበረ ካላችሁ፣ ከዲሴምበር 1 ቀን 2023 ወዲህ ሕጉ ተቀይሯል፤ እንዲህ ያለ ቤት በሙሉ እንደ አንድ ይገመታል፣ ከፋዩም አከራዩ ነው። እነዚህን መጠየቅ ባንድ አያስጨምርም። ባል እያለ "ብቻዬን ነው የምኖረው" ብሎ መጻፍ ግን ቅናሽ ሳይሆን ስርቆት ነው፤ ይህን ደግሞ የምንሰማው ከሩቅ ስላልሆነ ነው የምንጽፈው።

በዚህ ዓመት ቤት የቀየራችሁ ካላችሁ፣ ቁልፍ የተረከባችሁበትን ሳይሆን የካውንስል ታክስ መክፈል የጀመራችሁበትን ቀን ፈልጉና 6 ወሩን ቁጠሩ። ደብዳቤው የሚከብዳችሁ ከጁሙዓ በኋላ ይዛችሁ ኑ፤ ኢንሻአላህ አብረን እናነባለን። ስትመጡ ግን የጎረቤቶቻችሁን ባንድ አስቀድማችሁ አይታችሁ፣ በወረቀት ጽፋችሁ ኑ።

ወሰላሙ ዓለይኩም።